መደበቂያ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ሙቀቱ ራርቶልናል። ማራገቢያውም ይሠራል። ስለዚህ ወሬዬ ትንሽ ቢረዝም አትፍረዱብኝ።

የጋበዘኝ ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ስለ ድሮ ዩኒቨርሲቲ ያጫውቱን» አለኝ። «የትኛው ድሮ?» አልኩት። ለእናንተ እኮ የዛሬ አሥር ዓመትም ድሮ ነው። ሳቀና «የንጉሡ ጊዜ» አለ። እሺ አልኩ። ግን እኔ የተማርኩት ስድስት ኪሎ አይደለም። አለማያም አይደለም። መነኮሳት ያቋቋሙት አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ አስመራ። እዚያ ነው የተማርኩት።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ወረቀቶቼ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። ሰባትና ስምንት ስቀንስ ደግሞ እሳሳታለሁ።

እኔ የሸሚኖ ልጅ ነኝ። ቃሉን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ማለት ነው፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ ለገሃሬ፣ ባቡር ሲጠግን ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917። «አዲስ አበቦች ባቡር ያዩት ከኛ አሥራ አምስት ዓመት ዘግይተው ነው» እያለ ይኩራራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ሳይናገር ቡና አይጠጣም።

ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነው። ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ። ቀፊራ ገበያ ስንወርድ ሶማልኛ መሞከር ነው። ባለሱቁ የመናዊ ስለነበር በዓረብኛ መቁጠርም እንችላለን። ትምህርት ቤት ደግሞ መነኮሳቱ በፈረንሳይኛ ያስተምሩናል። የድሬ ልጅ አንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ቋንቋ ቢጨርሰው ማንም አይደነቅም። አቦ፣ ዛሬም ያው ነው!

ጣሊያንኛም አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። እናንተም ታውቃላችሁ። ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ላፒስ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ። ይኼ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። መኪና ለመፍታት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን እንደማይበቃ በኋላ አየሁት።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ለጨረሰ የድሬ ልጅ ቅርቡ አለማያ ነበር። የደንገጎን ዳገት መውጣት ነው። የእርሻ ኮሌጁን ያቋቋሙት ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካኖች ናቸው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ተማረ። ለእረፍት ሲመጣ ስለ ላም ካልሆነ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሁለተኛው ምርጫ አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ አስመራ የነገሩኝ ያስተማሩኝ መነኩሲት ናቸው። «እዚያም መነኮሳት አሉ፣ እንጻፍላቸው» አሉኝ።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አክስቴ «ካቶሊክ አድርገው ሊመልሱልሽ ነው» ብላ እናቴን አስጨነቀቻት። እናቴ አሰበችና «መነኩሴ ካለበት ይሻላል፣ ቢያንስ በር ይዘጋሉ» አለች። የመሄጃዬ ቀን ማተቤን ራሷ አጥብቃ አሰረችልኝ። እስኪበጠስ ድረስ አላወለቅኩትም። ክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ማተቤ እየታየ ነው አራቱን ዓመት የተማርኩት። አንዲትም መነኩሲት ነገሬ ብላ አታውቅም። አክስቴ ግን እስክትሞት አላመነችኝም።

ስለ መሥራቾቹ ትንሽ ልበላችሁ። የኮምቦኒ መነኮሳት ይባላሉ። ማኅበሩን ዳንኤል ኮምቦኒ የተባሉት ሚሲዮናዊ ቬሮና ከተማ ላይ በ1872 ነው ያቋቋሙት። ያኔ መነኮሳቱ የሚጠሩበት የጣሊያንኛ ስም «ፒዬ ማድሪ ዴላ ኒግሪሲያ» ነበር። ኒግሪሲያ አውሮፓውያን ለጥቁሮች አገር ያወጡት ስም ነው። ዛሬ ብንሰማው ፊታችንን እናኮማትራለን። እነሱም በኋላ ትተውታል።

እነዚህ መነኮሳት በ1958 አስመራ ላይ አንድ ኮሌጅ ከፈቱ። «ሳንታ ፋሚሊያ» አሉት፣ ቅድስት ቤተሰብ ማለት ነው። አስመራ ገና ብዙ ጣሊያን ነበረባት። መጀመሪያ የታሰበው ለእነሱ ልጆች ነው፣ ትምህርቱም በጣሊያንኛ። በ1960 ኮሌጁ ከጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተሳሰረ። በ1964 በእንግሊዝኛ ማስተማር ተጨመረ። ለእንደኔ ዓይነቱ በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። በ1968 «የአስመራ ዩኒቨርሲቲ» ተባለ። እኔ በዓመቱ፣ በ1969 ደረስኩ። መሥራቿና መሪዋ ማሪያኖራ ኦኒስ የተባሉ መነኩሲት ነበሩ። ልብ በሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትመራ ሴት! በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ኮሌጅ መግባቷ ራሱ የሰፈር ወሬ ነበር።

አዲስ አበባም ላይ እኮ የከፍተኛ ትምህርቱን መጀመሪያ የያዙት ካህናት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። ግን ያኛው የመንግሥት ኮሌጅ ነው። ካህናቱ የተቀጠሩት ለማስተማር ነው፣ ለስብከት አይደለም። የኛዎቹ ግን ኮሌጁ የራሳቸው ነው። ነጠላ የመሰለ ራስ መሸፈኛቸውን እንደለበሱ ነው ጥቁር ሰሌዳው ፊት የሚቆሙት። ጠመኔው ልብሳቸው ላይ ሲበን አይጨንቃቸውም።

መንገዱን አሳጥረዋለሁ። በባቡር አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ፣ መቀሌ፣ አዲግራት እያሉ አስመራ። ከአዲስ አበባ ብቻ ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። እንቅልፍ፣ አቧራ፣ ትውከት። አበቃ።

አስመራ ስደርስ የገረመኝ ሕንጻው አይደለም። ብርዱ ነው! እኛ ያለነው ከባሕር በላይ አሥራ ሁለት መቶ ሜትር ግድም ነው። አስመራ ከሃያ ሦስት መቶ ታልፋለች። ሻንጣዬ ውስጥ ሽርጥና ስስ ቀሚስ ነው የያዝኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጋቢ ደርቤ ክፍል ገባሁ። አንዲት ልጅ አዘነችልኝና ሹራብ አዋሰችኝ። የአስመራ ልጅ ናት፣ ትግርኛና ጣሊያንኛ እኩል የምታወራ። የጣሊያንኛው ክፍል ተማሪ ነበረች። ሹራቡን ሳልመልስላት ጓደኛሞች ሆንን።

ማታ ማታ ኮምብሽታቶ ላይ እንንሸራሸራለን። ኮምብሽታቶ ዋናው ጎዳና ነው፣ ዘንባባ የተተከለበት። ከካቴድራሉ እስከ ሲኒማ ኢምፔሮ፣ ከዚያ ደግሞ መመለስ። የአስመራ ሰው ያለ ጉዳይ ለብሶ ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መጀመሪያ የጠፋባቸው ነገር ያለ መሰለኝ። በኋላ እኔም ያለሱ እንቅልፍ አልወስድሽ አለኝ። ገንዘብ ሲኖር አንድ ማኪያቶ ለሁለት ነው። ሳይኖር የሌላውን ሽታ።

ስለ ትምህርቱ ደግሞ። ፎቶ ኮፒ የለም። መጽሐፉ አንድ ከሆነ ተራ ይዘን ነው የምናነበው። ተራዬ ሌሊት ከደረሰ ሌሊት አነባለሁ። መምህሩ ሲናገር እንጽፋለን፣ ያመለጠንን ማታ እንቀዳዳለን። እኔ ታዲያ አንድ ጥበብ ይዤ ነበር የሄድኩት። መሸምደድ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያሳለፈኝ እሱ ነው። ገጹን ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ነጠላ ሰረዙ የት እንዳለ ሳይቀር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ «ፈተና አለኝ፣ ነይና እዪኝ» አለችኝ። «ፈተና እንዴት ይታያል?» አልኳት። ይታያል ለካ። በጣሊያኖቹ ደንብ ዋናው ፈተና በቃል ነው። በሩም ክፍት ነው። የፈለገ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል። ተማሪው አንድ ትንሽ ደብተር ይይዛል፣ የእያንዳንዱ ፈተና ውጤት እዚያ ላይ ይጻፋል። ውጤቱ ከሠላሳ ነው። ለማለፍ አሥራ ስምንት ያስፈልጋል። ሠላሳ አግኝተህ ደግሞ እጅግ ከበለጥክ «ሠላሳ ከምስጋና ጋር» ይጻፍልሃል። ከወደቅክ ሌላ ቀጠሮ ይሰጥሃል፣ አጥንተህ ትመለሳለህ። ያልተመቸህን ውጤት አልቀበልም ብለህ እንደገና መቀመጥም ትችላለህ። ይሄኛው ዛሬ ለእናንተም ቢፈቀድ ጥሩ ነበር። ሬጅስትራር ካለ ይቅርታ።

ጓደኛዬ ተጠራች። መምህሯ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በመሃላቸው አንዲት ጠረጴዛ ብቻ። የሚጻፍ የለም፣ የሚሰረዝ የለም። መምህሯ አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ጓደኛዬ ትመልሳለች። ከዚያ መምህሯ አንዲት ቃል ትጨምራለች። «ፔርኬ?» ለምን? ያም ተመለሰ። እንደገና «ፔርኬ?» እኔ ከኋላ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ።

ይህን ለአባቴ በደብዳቤ ጻፍኩለት። አባቴ ለአያቴ አነበበላቸው። አያቴ ወጣት ሳሉ የቆሎ ተማሪ ነበሩ፣ ቅኔ ቤት የገቡ። «ታዲያ ምኑ አዲስ ነው?» አሉ አሉ። «የኔታም እንዲሁ ነው። ቅኔህን ይዘህ ፊታቸው ትቆማለህ። ካልሆነ ያፈርሱብሃል።» እውነታቸውን ነው። እዚህ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቁርኣን የቀራ ልጅም ይህን ያውቀዋል። ሎሁን፣ የእንጨት ሰሌዳውን፣ ታቅፎ መምህሩ ፊት ይቀመጣል፣ የተጻፈለትን በቃሉ ያወርዳል፣ ከተሳሳተ እዚያው ይመለሳል። መደበቂያ የለም። በጽሑፍ ፈተና መደበቅ ይቻላል። ሁለት መቶ ሰው መሃል ተቀምጦ መደበቅ ይቻላል። አሥራ ምናምን ልጆች ሆናችሁ፣ መምህሯ የእናትሽን ደህንነት በስሟ ጠርታ የምትጠይቅሽ ከሆነ ግን የት ትገቢያለሽ?

የኛው የእንግሊዝኛ ክፍል በብዛት የሚፈትነው በወረቀት ነበር። ግን አንዲት ቋንቋ የሚያስተምሩን መነኩሲት ነበሩ። «እኔ የማምነው ጆሮዬን ነው» አሉና በቃል አደረጉት። ርዕሱ ቋንቋ ከቋንቋ ቃል እንዴት እንደሚዋስ ነው። ተራዬ ደረሰ። የሸመደድኩትን ለቀቅኩት። ትርጉሙን፣ ዓይነቶቹን፣ ምሳሌዎቹን። ምሳሌዎቹ የመጽሐፉ ናቸው፣ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወሰዳቸው። ሰባት ደቂቃ ሳልተነፍስ ተናገርኩ። እሳቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ «ለምን?» አሉ።

ለምን ምን? መጽሐፉ ውስጥ «ለምን» የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገጹን ፈለግኩት። ነጠላ ሰረዙ አለ፣ መልሱ የለም። ከኋላዬ ልጆች ተቀምጠዋል። ሰዓቱ ሲሄድ ይሰማል። መነኩሲቷ አልተቆጡም። «መጽሐፉን ተይው። ከየት ነው የመጣሽው?» አሉኝ። «ከድሬዳዋ።» «ድሬዳዋ ሰው ምን ይናገራል?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ያባቴ ጋራዥ ትዝ አለኝ። «አባቴ ባቡር ሲጠግን በፈረንሳይኛ ነው» አልኩ። «ለገሃሬ የምንለው ራሱ ከፈረንሳይኛ ነው። ጎረቤታችን ያለው መካኒክ ደግሞ መኪና ሲጠግን በጣሊያንኛ ነው። ካቻቢቴ ይላል፣ ፍሪሲዮን ይላል።» ሳቁ። ጣሊያን አይደሉ፣ ገባቸው። ከዚያ ያቺን ቃል ደገሟት። «ለምን?»

አሁን መልሱ መጣ። ባቡሩን ያመጡት ፈረንሳዮች ስለሆኑ ነዋ! ካሚዮኑንና የመኪና መንገዱን በብዛት ያመጣው ጣሊያን ስለሆነ ነዋ። ቃሉ የመጣው ከዕቃው ጋር ነው። መፍቻውን ያቀበለህ ሰው ስሙንም አብሮ ያቀብልሃል። ይህን ስናገር ማንም ጽፎ አልሰጠኝም። ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬ ነው፣ ጠያቂ አጥቶ የተቀመጠ። «ጋራዥ የሚለውስ?» አሉ። «እሱ ፈረንሳይኛ ነው» አልኩ። «ታዲያ የጣሊያን መኪና ፈረንሳይኛ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» እዚህ ላይ አላወቅኩም። አላውቅም አልኩ። «ጥሩ» አሉና ደብተራቸውን ዘጉ።

ስንት አገኘሽ አትበሉኝ። አልፌያለሁ፣ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ግን የሸመደድኩትን ማመን አቃተኝ። ገጹ ይታየኛል፣ ከጎኑ ያቺ ሴትዮ «ለምን?» ትላለች። በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፣ ተማሪዎቼም በዚሁ ቃል ተሰቃይተዋል። አንዳንዶቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ፣ ስትስቁ አያችኋለሁ።

አንድ እሑድ ከክፍል ልጆች ጋር በባቡር ወደ ምፅዋ ወረድን። ሊቶሪና የሚሏት አንድ ፉርጎ ብቻ ያላት ባቡር ነበረች። ከዚያ ከፍታ ተነስታ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ውስጥ ባሕሩ ዳር ታደርስህ ነበር። ዋሻ ገብታ ትወጣለች፣ ደግሞ ዋሻ። አንዱ ጎን ተራራ፣ አንዱ ጎን ገደል። ምፅዋ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እንባዬ መጣ። ድሬ ድሬ ሸተተኝ። ጓደኞቼ ላብ እየጠረጉ ሲያማርሩ እኔ ብቻ ሹራቤን አውልቄ ፈነደቅኩ። ለአባቴ ሦስት ገጽ ጻፍኩለት፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ፉጨቷ ሳይቀር።

በ1973 ጨረስኩ። ዕድለኛ ነኝ። በዓመቱ አብዮት መጣ፣ ተማሪው ዕድገት በኅብረት ዘመተ። በ1975 መጀመሪያ አስመራ ውስጥ ጦርነት ገባ። ጣሊያኖቹም ሄዱ፣ የጣሊያንኛው ክፍል አብሯቸው አለቀ። ዩኒቨርሲቲው ከመነኮሳቱ እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ። በ1990 ደግሞ ደርግ ዩኒቨርሲቲውን አንስቶ ባሌ፣ አጋርፋ ወሰደው። መምህራኑን፣ ተማሪውን፣ ዕቃውን። ዩኒቨርሲቲ እንደ ጎጆ ተነቅሎ ሲሄድ አስቡት! በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ አስመራ ተመለሰ። ያቺን ተራ ይዘን የምናነባትን መጽሐፍ አንዳንዴ አስባታለሁ። አጋርፋ ሄዳ ይሆን?

ወደ ድሬ የተመለስኩበትን ቀን ልንገራችሁና ልውረድ። ለገሃሬ ባቡሩ ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ ወጥቷል። ቤት ስንገባ ቡና ተፈልቷል፣ ፈጢራ ተጋግሯል። አክስቴ መጀመሪያ ያየችው አንገቴን ነው፣ ማተቡ አለ። አያቴ መረቁኝ። አባቴ ዲፕሎማዬን ተቀበለ። አንብቦ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወንበሩን ሳበና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መሃላችን ረከቦቱ ብቻ።

«የቃል ፈተና አለብሽ» አለ።

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ምፅዋ የወረድሽበት ባቡር፣ የሐዲዱ ስፋት ስንት ነው?»

አራት ዓመት ያን ሐዲድ ስሻገረው ኖሬያለሁ። በላዩ ተጉዣለሁ። ሦስት ገጽ ጽፌለታለሁ። «አላውቅም» አልኩ።

«ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር» አለ አባቴ። «የኛ አንድ ሜትር ነው። አምስት ሳንቲ እንበልጣቸዋለን። የነሱ ባቡር እዚህ መጥቶ መሄድ አይችልም፣ የኛም እዚያ።» ስኒውን አነሳና ፉት አለ። «አሥራ ስምንት አልሞላሽም። ለሌላ ቀጠሮ ተዘጋጂ።»